ማን ከማን ጋር ይበላል? ካስት፣ የሂንዱ እምነትና የቡድሃ ትምህርት

(አዲስ አበባ ውስጥ በመጻሕፍት ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ! ክቡራትና ክቡራን፣ ወላጆቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ የቅዳሜ ማታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ርዕሱን የሰጡኝ ከሁለት ጥያቄዎች ጋር ነው። ካስትን የፈጠረው የሂንዱ እምነት ነው ወይ? ቡድሃስ አፍርሶታል ወይ? በየሄድኩበት የምሰማው መልስ አጭር ነው፤ “ሂንዱ ፈጠረው፣ ቡድሃ ተቃወመው” ይባልና ይታለፋል። ዛሬ ይህን መልስ አብረን እንፈትነው። መጀመሪያ ካስት የት እንደሚኖር እናያለን። ሁለተኛ የሂንዱ መጻሕፍት ምን እንደሚሉ። ሦስተኛ ቡድሃ ምን እንዳለና ምን ሳይል እንደቀረ። ከዚያም ሁለቱን እምነቶች በገዛ ሕይወቱ ስላገናኘ ሰው፣ ስለ ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር እነግራችኋለሁ። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ካስት የሚኖረው በማዕድ፣ በውሃና በጋብቻ ነው። መጽሐፍ የሚሰጠው ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ካስት ምንድን ነው? በትምህርት ቤት የተማርነው አራቱን መደቦች ነው፤ ካህናቱ ብራህማን፣ ነገሥታቱና ተዋጊዎቹ ክሻትሪያ፣ ነጋዴዎቹ ቫይሽያ፣ አገልጋዮቹ ሹድራ። ከአራቱም ውጪ “የማይነኩ” የተባሉት፣ ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት አሉ። ይህ ቫርና የሚባለው ነው። ህንድ ሄዶ የኖረ ሰው ግን በየዕለቱ የሚያየው ሌላውን ነው፤ ጃቲን። ጃቲ ሰው የሚወለድበት ወገን ነው። ልብስ አጣቢው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ዘይት ጨማቂው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉም የየራሳቸው ጃቲ አላቸው፤ ቁጥራቸው በሺዎች ነው። የምታገባው ከጃቲህ ነው። የምትበላው ከማን እጅ እንደሆነ የሚወስነው ጃቲህ ነው። ስትሞት የሚሸከምህም እርሱው ነው።

እስቲ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ፑኔ ከተማ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ የተከራየሁት ክፍል ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። የቤቱን እመቤት እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ “ማውሺ” እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ደግ ሴት ናቸው። ወባ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሩዝና ምስር ሠርተው ያበሉኝ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን የምታጥብ አንዲት ሴት ትመጣለች። ሥራዋን ስትጨርስ ማውሺ ሻይ ይሰጧታል። ኩባያዋ ግን ከቤቱ ኩባያዎች ጋር አይቀመጥም፤ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ደፍ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ሴትዮዋ ራሷ ታነሣዋለች። ማውሺ ጀበናቸው ኩባያዋን እንዳይነካ ከፍ አድርገው ያንቆረቁሩላታል። ቆማ ትጠጣለች፣ ከጓሮው ቧንቧ አጥባ መልሳ ትደፋዋለች። እኔ ከየት እንደመጣሁ፣ ምን በልቼ እንዳደግሁ የማይታወቅ የባዕድ አገር ሰው ከቤቱ ኩባያ እጠጣለሁ። እርሷ፣ የዚያው ከተማ ልጅ፣ ቋንቋቸውን የምትናገር፣ ጸሎታቸውን የምትጸልይ፣ አትጠጣም።

አንድ ቀን “ማውሺ፣ ለምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “የቆየ ልማዳችን ነው ልጄ” አሉኝ። ልብ በሉልኝ! መጽሐፍ አልጠቀሱም። የአማልክት ስም አልጠሩም። ስለ ንጽሕናና ስለ ርኩሰት አንድም ቃል አላነሱም። “የቆየ ልማዳችን ነው” ብቻ። ያ ኩባያ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ አስተምሮኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የሂንዱ መጻሕፍት ምን ይላሉ? በሪግ ቬዳ አሥረኛ ክፍል ውስጥ ስለ ፑሩሻ የሚናገር መዝሙር አለ። ፑሩሻ አማልክት የሠዉት የመጀመሪያው ታላቅ ሰው ነው። ከአፉ ብራህማን፣ ከክንዶቹ ተዋጊው፣ ከጭኑ ቫይሽያ፣ ከእግሩ ሹድራ ሆኑ ይላል። ሊቃውንት ይህ መዝሙር ወደ ሪግ ቬዳ ዘግይቶ የገባ ነው ይላሉ። በውስጡ “አትንካው” የሚል ቃል የለም። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ የማኑ ሕግ የሚባለው መጣ። እዚያ ግን ነገሩ ይከፋል። ቻንዳላ የተባሉት ሰዎች መኖሪያቸው ከመንደር ውጪ ይሁን፣ ልብሳቸው የሙታን ልብስ ይሁን፣ የሚበሉትም በተሰበረ ዕቃ ይሁን ብሎ ይደነግጋል። የተሰበረ ዕቃ! የማውሺ መስኮት ላይ የነበረው ኩባያ ሩቅ ዘመዱ እዚያ ተጽፏል።

ግን እዚህ ላይ አንቁም። ቻንዶግያ በሚባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ የሳትያካማ ታሪክ አለ። ሳትያካማ መማር የሚፈልግ ልጅ ነው፤ መምህሩ “ወገንህ ከማን ነው?” ይሉታል። ልጁ እናቱን ይጠይቃል። እናቱ “ልጄ፣ በወጣትነቴ በየቤቱ አገልጋይ ሆኜ ስዞር ነው የወለድኩህ፤ አባትህን አላውቀውም፤ የእኔን ስም ያዝ” ትለዋለች። ልጁ ያንኑ ሳይደብቅ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ይህን የመሰለ እውነት ብራህማን ካልሆነ በቀር ማንም አይናገርም ብለው ይቀበሉታል። ድንቅ አይደለም? እውነት መናገሩ ዘሩ ሆነለት ማለት ነው! ሆኖም በዚያው ኡፓኒሻድ ጥቂት ገጾች አለፍ ብላችሁ ስታነቡ፣ ክፉ የሠራ ሰው ውሻ፣ እሪያ ወይም ቻንዳላ ሆኖ ይወለዳል ይላል። አንድ መጽሐፍ ነው። አንዱ ገጽ በር ይከፍታል፣ ሌላው ገጽ ይዘጋል።

ስለዚህ “እምነታችን ካስትን አያውቅም” የሚለው ሂንዱም፣ “ሂንዱነት ማለት ካስት ብቻ ነው” የሚለው ተቺም የሚጠቅሱት አያጡም። ከሂንዱዎቹ መካከልም ካስትን የተቃወሙ ቅዱሳን ነበሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ ህንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ የኖረው ቾካሜላ ከማሃር ወገን፣ ከማይነኩት የተወለደ ባለቅኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የዘመረለት አምላክ ቤተ መቅደስ ፓንዳርፑር ከተማ ይገኛል፤ እርሱ ግን እንዲገባ አልተፈቀደለትም። መቃብሩ ዛሬም ከደረጃው ሥር ነው። የእርሱ ወገኖች ወደዚያ ቤተ መቅደስ እንዲገቡ የተፈቀደው በ1947 ነው፤ ያውም ሳኔ ጉሩጂ የተባለ የብራህማን ልጅ እስከ ሞት እጾማለሁ ብሎ ከተነሣ በኋላ። ስድስት መቶ ዓመት! መዝሙሩ ከገባ በኋላ ሰውየው በውጭ የቀረበት ስድስት መቶ ዓመት።

ታዲያ የሂንዱ እምነት ከተጠያቂነት ነፃ ነው እያልኩ ነው? አይደለም። በእኔ እይታ ትልቁ ጉዳት የደረሰው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ከነማንነቱ ርኩስ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው። እጁን ቢታጠብ የማይጠራ፣ ቢማር የማይነጻ። ሁለተኛው፣ መከራህ ቀድሞ በኖርክበት ሕይወት የሠራኸው ዋጋ ነው መባሉ ነው። ይህ ሁለተኛው ይከብደኛል። ድሃን መበደል በየአገሩ አለ፤ ድሃው “ይገባኛል” ብሎ እንዲያምን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

እሺ፣ ሥሩ የሂንዱ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ በሌለበት ካስት መኖር አልነበረበትም። አለ ወይስ የለም? አለ! በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ የዳሊት ክርስቲያኖች መቃብር በግንብ ተለይቶ የታየባቸው አጥቢያዎች አሉ። በህንድ ሙስሊሞች ዘንድ አሽራፍ የሚባሉት ባላባቶች ከባለእጁ ጋር አይጋቡም። ወንጌሉም ቁርኣኑም ይህን አላዘዙም። ወደ እኛም ቤት ልምጣ፤ አትቆጡኝ። ከፋ ውስጥ ማንጃ የሚባሉት ወገኖቻችን የሌላው ሰው ቤት ገብተው ከማዕድ የማይቀመጡበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን “ቡዳ ነው” ብለን ልጃችንን የሸሸግን ስንት ነን? ለማረሻው እንፈልገዋለን፣ ለጋብቻ ግን አንፈልገውም። ማኑ ሐበሻ አገር አልደረሰም። ማዕዱ ግን ተለይቷል። የህንዱን የሚለየው፣ ልማዱ በመጽሐፍ መታተሙና ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ መዘርጋቱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ቡድሃ ነው። የሳክያ ወገን የሆነው ሲዳርታ ጎታማ ከክሻትሪያ ቤት ነው የተወለደው። ስለ ልደት የተናገረው ግልጽ ነው፦ ሰው የተናቀም ብራህማንም የሚሆነው በሥራው ነው፣ በልደቱ አይደለም። አሳላያና የተባለ ወጣት ብራህማን ሊከራከረው በመጣ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጠየቀው፤ የብራህማን ሴቶች እንደ ሌሎቹ ሴቶች አይፀንሱም? አይወልዱም? አያጠቡም? ታዲያ ፈጣሪ ከምትሉት አምላክ፣ ከብራህማ አፍ ወጣን የምትሉት እንዴት ነው? ከዚያም ከህንድ ሰሜን ምዕራብ ባሉት በዮናና በካምቦጃ አገር ያለው ጌታና ባሪያ ብቻ ነው፤ ጌታው ባሪያ፣ ባሪያውም ጌታ ሊሆን ይችላል አለው። ሌላ አገር ሌላ ሥርዓት አለ፣ ስለዚህ የእናንተ ከሰማይ የወረደ አይደለም ማለቱ ነው። ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ብሎ መከራከር ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት።

በተግባርም አሳይቷል። የሳክያ መሳፍንት ሊመነኩሱ ሲመጡ ፀጉር አስተካካያቸው ኡፓሊ አብሯቸው ነበር። መሳፍንቱ ራሳቸው “ትዕቢታችን እንዲሰበር ከእኛ በፊት እርሱን አመንኩሰው” አሉ። በገዳም የሚሰገደው ቀድሞ ለመነኮሰ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳፍንቱ ለፀጉር አስተካካያቸው ይሰግዱ ጀመር። የደረቀ አበባ ጠራጊ የነበረው ሱኒታም መነኩሴ ሆኖ የራሱን ታሪክ በግጥም ትቶልናል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቡድሃ ያላለውንም እንይ። እኩልነቱ ያለው በገዳሙ ውስጥ ነው። መንደሩ እንደነበረ ነው የቀረው። ያውም ለመመንኮስ ከጌታው የኮበለለ ባሪያ አይፈቀድለትም፣ ባለዕዳም አይፈቀድለትም፣ የንጉሥ ወታደርም እንዲሁ። በኋላ የተጻፉ የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ደግሞ ቡድሃ የሚወለደው ከክሻትሪያ ወይም ከብራህማን ቤት ብቻ ነው ይላሉ። በልደት ላይ የተነሣው ትምህርት ራሱ ልደትን ተመልሶ መረጠ!

ሲሪላንካን ተመልከቱ። ሕዝቡ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቡድሃ ተከታይ ነው። ነገር ግን በ1753 የተመሠረተው ሲያም ኒካያ የተባለው የመነኮሳት ማኅበር ከጎዊጋማ ማለትም ከገበሬው ካስት ውጪ ያለውን አላመነኩስም አለ። ቀረፋ ልጣጮቹና ሌሎቹ ምን አደረጉ? ባሕር ተሻግረው በርማ ሄዱ፣ እዚያ መነኮሱ፣ በ1803 ተመልሰው አማራፑራ ኒካያ የሚባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ጃፓንም እንዲሁ ነው። ቡራኩሚን የሚባሉት፣ ቆዳ የሚፍቁና ሬሳ የሚያነሡ ሰዎች በ1871 በሕግ ነፃ ወጥተዋል፤ አንዳንድ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ግን ለሟቾቻቸው በሚሰጡት ስም ውስጥ ንቀትን የሚያመለክት ፊደል ያስገቡ ነበር። ሞተውም አላረፉም። ትምህርቱ ካስትን ክዶታል፤ ማዕዱና መቃብሩ ግን አልካዱትም።

አሁን ወደ አምቤድካር። በእርሱ ላይ ቆየት ብል ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ሰው ላይ ነው የሚሰበሰበው።

አምቤድካር በ1891 ከማሃር ወገን ተወለደ፤ የቾካሜላ ወገን ማለት ነው። ትምህርት ቤት የሚቀመጥበትን ጆንያ ከቤት ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ይዞ ይመለሳል፤ ጆንያውን የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይነካውምና። ውሃ ሲጠማው ቧንቧውን አይነካም። ተላላኪው ከፍቶለት ነው የሚጠጣው። ተላላኪው ከሌለ ውሃ የለም።

በ1901 ገደማ፣ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወንድሙና ከእህቱ ልጅ ጋር ሆኖ በሌላ ከተማ በሥራ ላይ የነበረ አባቱን ሊጠይቅ በባቡር ሄደ። አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ደስታቸው ወደር የለውም። ማሱር ጣቢያ ወረዱ፣ የሚቀበላቸው ሰው የለም። የጣቢያው ሹም ንጹሕ ልብሳቸውን አይቶ በደግነት “ልጆች፣ የማን ናችሁ?” አለ። ልጁ “ማሃር ነን” አለ። የሹሙ ፊት ወዲያው ተለወጠ፣ ጥሏቸው ገባ። የበሬ ጋሪ የሚነዱት ሁሉ ሊያሳፍሯቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ እጥፍ ለመክፈል ተስማምተው፣ ጋሪውን ልጆቹ ራሳቸው ሊነዱ፣ ባለጋሪው ከጎን በእግሩ ሊሄድ ሆነ። ባለጋሪው ገንዘባቸውን ይቀበላል፣ አጠገባቸው ግን አይቀመጥም። ስንቅ ነበራቸው፣ ውሃ አልነበራቸውም። ሌሊት ኬላ ላይ ደርሰው ውሃ ለመኑ፤ የሚሰጥ አላገኙም። እንጀራቸውን ታቅፈው ከነጥማታቸው አደሩ እንደማለት ነው። እናንተ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን አስቡት!

ያ ልጅ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ ለንደንም ተማረ፣ ዶክተር ሆነ፣ ጠበቃ ሆነ። በዚህ መካከል፣ በ1917፣ ህንድ ውስጥ ባሮዳ ወደምትባል ከተማ ተመልሶ መሥሪያ ቤት ሲገባ ጸሐፊዎቹ ፋይል የሚሰጡት ከሩቅ ወርውረው ነው። ትምህርቱ አላነጻውም።

በ1927 መጋቢት 20 ቀን ማሃድ በምትባል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቹን ይዞ ወደ ቻቭዳር ኩሬ ሄደ። የከተማው ምክር ቤት ኩሬውን ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ወስኖ ነበር፤ ሊጠጣ የደፈረ ግን አልነበረም። ከብት ይጠጣበታል፣ ውሻ ይጠጣበታል፣ ማሃር አይጠጣበትም። አምቤድካር ጎንበስ አለ፣ በእጁ ቀድቶ ጠጣ። ሕዝቡም ተከትሎ ጠጣ። በዚያው ቀን በዱላ ተደበደቡ። በኋላም ብራህማኖች የላም እበት፣ ሽንት፣ ወተትና እርጎ በገንቦ በገንቦ ወደ ኩሬው አስገልብጠው “አነጹት”። ፍርድ ቤቱ የመጠጣት መብታቸውን እስኪያጸናላቸው 10 ዓመት ፈጀ። በዚያው በ1927፣ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ እዚያው ማሃድ፣ የማኑ ሕግ በአደባባይ ተቃጠለ።

አምቤድካር ካስትን የገለጸበት መንገድ ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ካስት ሀብታምና ድሃ፣ ጌታና ባሪያ ብሎ ሁለት ቦታ አይከፍልም፤ በእርከን በእርከን ይደረድራል አለ። መሰላል ነው። እያንዳንዱ ከላዩ ያለውን ይፈራል፣ ከሥሩ የሚረግጠው ደግሞ አያጣም። ለዚህ ነው የተበደሉት ሁሉ አንድ ላይ የማይነሡት፤ የሚያጡት አንድ እርከን አላቸውና።

በ1936 ላሆር ላይ እንዲናገር ተጋብዞ ነበር። ጋባዦቹ ንግግሩን አስቀድመው ሲያነቡ ደነገጡ፤ ስብሰባውን ሰረዙት። በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ በተነው። እዚያ ላይ አብሮ መብላት አይበቃም፣ መድኃኒቱ መጋባት ነው ይላል። ከዚያም ሕዝቡ የማይጋባው መጽሐፉን ቅዱስ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመጽሐፉ ሥልጣን ይፍረስ ይላል። እኔ ማዕዱን አስቀድማለሁ፣ እርሱ መጽሐፉን ያስቀድማል። እርሱ የተጠማ ነውና ቃሉን በአክብሮት ነው የምሰማው።

ነፃነት ሲመጣ የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ የመራው እርሱ ነው። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 “አትንካኝ” ማለትን ሻረ። ግን ሕግ ጓዳ ድረስ አይገባም። በ1935 “ሂንዱ ሆኜ ተወለድኩ፣ ሂንዱ ሆኜ ግን አልሞትም” ብሎ ነበር። 21 ዓመት ሃይማኖቶችን ሲመረምር ቆይቶ በ1956 ጥቅምት 14 ቀን ናግፑር ከተማ ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠር ሕዝብ ጋር ወደ ቡድሃ ገባ። ለሕዝቡ 22 ቃል ኪዳኖች ሰጠ። “የሰው ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው ብዬ አምናለሁ” የሚል አለበት። “ሥርዓቴን ብራህማን አይፈጽምልኝም” የሚልም አለበት። ያለፈ ሕይወት ኃጢአት ዝቅ አድርጎ ያስወልዳል የሚለውን ትምህርት ግን ከቡድሃ ስምም ቢሆን አልተቀበለም። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ አረፈ።

ወደ ቡድሃ የገቡበት ቀን በየዓመቱ ሲከበር ናግፑር ሄጄ አውቃለሁ። ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ወላጆች፣ ሰማያዊ ባንዲራ የያዙ ጎረምሶች፤ መንገዱ ጢም ብሏል። “ጃይ ቢም!” ይባባላሉ፤ ሰላምታቸው ነው። ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው መጽሐፍ ነው። ማንበብ እንደማይችሉ የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ የሕገ መንግሥቱን ቅጂ ገዝተው በፌስታል ይዘዋል። “ለማን ነው አባቴ?” ብላቸው “ለልጅ ልጄ፤ ውስጡ ስማችን አለ” አሉኝ።

እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄ፦ ሃይማኖት መለወጡ ካስትን አጠፋው? አላጠፋውም። በ2011 ቆጠራ የህንድ ቡድሂስቶች 8.4 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ በማሃራሽትራ የአምቤድካር ተከታዮች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ዛሬም “ማሃር” ይሏቸዋል። ለዳሊቶች የተመደበው የትምህርትና የሥራ ኮታ ለቡድሂስቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የተፈቀደው በ1990 ነው፤ ለ34 ዓመት ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ኮታውን ያጣ ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶች እስካሁን አልተፈቀደላቸውም። በ2011 እና 2012 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከካስት ውጪ የተጋቡት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ናቸው። ቡድሂስቱም ልጁን ለማን እንደሚድር ገና ይጠይቃል፤ የፑኔ ጓደኞቼ ራሳቸው የነገሩኝ ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ከእነዚሁ ጓደኞቼ የአንዱ አባት የነገሩኝን ላካፍላችሁ። የእርሳቸው አባት ከናግፑር እንደተመለሱ ቤታቸው የነበሩትን የአማልክት ምስሎች ሰብስበው ወንዝ ወስደው ጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተ ከብት ከመንደሩ መጎተት አቆሙ፤ የማሃር ግዴታ የነበረው ያ ነው። መንደሩ ሥራ ነሣቸው፣ ተራቡ፣ ከተማ ተሰደዱ፣ ፋብሪካ ገቡ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ። “አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሞ በሠራሁት ኃጢአት ነው ብሎ አያውቅም” አሉኝ።

እዚህ ላይ ላቁም። ሰዓቱን አልፌያለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፣ በተለይ ከከፋና ከጉራጌ የመጣችሁ ብትናገሩ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።